የአርባ ደቂቃው ካሴት

ኅዳር 4 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለቁንጢት፤

አለሽ ወይ ልጄ? ልጅሽስ አለችልኝ? ፈጣሪ ከክፉ ነገር ይሰውራችሁ፤ እግራችሁን ከእንቅፋት፣ ቤታችሁን ከሐዘን ይጠብቅላችሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ያመመኝ ቀኙ ብቻ ስለሆነ ግማሽ ደህና ነው ማለት ይቻላል።

ይህን የምትጽፍልኝ እንደ ወትሮው ጎረቤቴ ታይፒስቷ ናት። ከመሥሪያ ቤቷ ጡረታ ወጥታለች፤ ምላሷ ግን ገና ሥራ ላይ ነው። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች፣ በመሃል እንጨቃጨቃለን። ፊደል አለመቁጠሬን አንቺም ታውቂያለሽ፣ ሰፈሩም ያውቃል፤ አላፍርበትም። ሃምሳ ዓመት ሬዲዮና ቴፕ ስጠግን አንድም ደንበኛ «አንብብልኝ» ብሎኝ አያውቅም። «አሰማልኝ» ነው የሚለኝ፤ አሰማዋለሁ።

የላክሽልኝ ስልክ መሳቢያ ውስጥ በክብር ተቀምጧል። ለምን አያነሱትም ብለሻል። ልንገርሽ። ባለፈው ስትደውዪ ታይፒስቷ ከፈተችልኝና ፊትሽን አየሁት፤ ደስ አለኝ። ጥጉ ላይ ግን አንድ የተኮሳተረ ሽማግሌ አፍጥጦብኛል። «ይሄ ደግሞ ማነው?» አልኳት። «አንተ ነህ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ የምትዪውን አልሰማሁሽም፤ ሰውዬውን ስታዘብ ነበር። ደግሞስ አንቺ «ይሰማል?» ስትዪ፣ እኔ «ይሰማል» ስል፣ አንቺ «ተቆረጠ» ስትዪ ጊዜው አለቀ። ደብዳቤ አይቆረጥም። ቢዘገይም ሙሉውን ነው የሚመጣው።

ስለ ሳይንስ የምትጽፊልኝን ሁሉ ከሬዲዮ ጋር አመሳክራለሁ። ባለፈው ሳምንት፣ በረዶ ውስጥ ስንትና ስንት ሺህ ዓመት የተኛ ትል አግኝተው ቢያሞቁት ተነሥቶ ተንቀሳቀሰ ሲሉ ሰማሁ። ታይፒስቷ አፏን ያዘች። እኔን አልገረመኝም። ሃያ ዓመት ዕቃ ቤት የተኛ ሬዲዮ አምጥተውልኝ፣ አቧራውን እፍ ብዬ፣ አንዲት ሽቦ በይጄ አስነሥቻለሁ፤ ማንም ጋዜጠኛ አልመጣም። ትሉ ተነሥቶስ ምን አለ? ምንም። የኔው ሬዲዮ እንደ ተነሣ የአየር ሁኔታ ነገረን።

ሱቁ እንዳለ ነው፤ የጎደለው ሰው ነው። በፊት የዜና ሰዓት ሲደርስ ደጄ ላይ መተላለፊያ ይጠፋ ነበር። አናጢው መጋዙን እንደያዘ፣ ፖስተኛው ቦርሳውን እንዳንጠለጠለ፣ አባትሽም ከማስታወቂያ ሰሌዳ ሥራው እጁ ቀለም በቀለም ሆኖ ይመጣል። ዜናው ሲያልቅ አንዱ ይቃወማል፣ ሌላው ይሳደባል፣ ተሳስቀን እንለያያለን። አሁን ሁሉም የየራሱን ዜና ኪሱ ውስጥ ይዞ ብቻውን ይናደዳል።

ልጅሽ ልታገባ ነው ሲባል ከሌላ ሰው አፍ ሰማሁ። ቅር ብሎኛል። ታይፒስቷ «ቅር ብሎኛል የሚለውን ልተወው?» ስትለኝ ሁለት ጊዜ ጻፊው አልኳት። ቅር ብሎኛል።

አጎትሽ፣ ባለ ሬዲዮው። ከታች ያለው ጥቁር ነገር የአውራ ጣቴ ምልክት ነው፤ ቆሻሻ አይደለም።


ታኅሣሥ 12 ቀን

ለውድ አጎቴ፤

እንደምን ሰንብተዋል? ግማሽ ደህና የሆነው ጉልበትዎ ሙሉ እንዲድን እጸልያለሁ። ለታይፒስቷም አክብሮቴ ይድረሳቸው። ፈጣሪ ዕድሜዎን እንደ ምኞቴ ያርዝመው። እኛ በጣም ደህና ነን።

ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የሠርጉን ነገር ቀድመው ከኔ መስማት ይገባዎት ነበር። ቀኑ እስኪቆረጥ ብዬ ነው የቆየሁት። አሁን ተቆርጧል፤ ልጄ ሰኔ 8 ቀን ታገባለች። ልጁ ጨዋ ነው። ጥፋቱ እርምጃ የሚቆጥር ሰዓት ማሰሩ ብቻ ነው። እራት ላይ ተቀምጠን ሰዓቱ ሲንጫጫ ብድግ ይልና ሳሎኑን ሦስት ጊዜ ይዞራል። ልጄ «እርምጃው ጎድሎበት ነው» ትለኛለች፣ ስለ በሽተኛ እንደምታወራ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ስለ ሥራዬ ደግሞ፣ ለሰው ሁሉ «የወንድሜ ልጅ ሳይንቲስት ናት» እንደሚሉ ሰምቻለሁ። እባክዎ ይተዉኝ። እኔ የላቦራቶሪ ብልቃጥ አጣቢ ነኝ። ሳይንቲስቶቹ ያቆሽሻሉ፣ እኔ አጥባለሁ። በቅርቡ ናሙና የሚያመላልስ ሮቦት መጥቶልናል፤ ኮሪደር ላይ ስንገናኝ «ይቅርታ፣ አሳልፉኝ» ይላል። ትናንት የመወልወያ ባልዲ ፊት ቆሞ ባልዲውን ሩብ ሰዓት ይቅርታ ሲጠይቅ አገኘሁት። ኮምፒውተሩ በበኩሉ ሰው መሆኔን እንዳረጋግጥለት የትራፊክ መብራት ያለበትን ሥዕል ምረጪ ብሎኝ ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ኮምፒውተሮቻችንን የሚያስተካክል አንድ ባልደረባ አለኝ። ሰሞኑን አንድ ነገር አሳየኝ። የአንድን ሰው ድምፅ ለማሽን ያሰሙታል፤ ማሽኑ ድምፁን ይማርና የተጻፈለትን ሁሉ በዚያ ሰው ድምፅ ይናገራል። የራሱን እናት አሰማኝ። ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው። «ካፖርትህን ልበስ» አለችው። እኔ አለቀስኩ፤ እሱ ካፖርቱን ለበሰ።

አጎቴ፣ የአባቴን ካሴት እፈልጋለሁ።

እናቴና እኔ ቀድመን ወደዚህ ስንመጣ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ ሊከተለን ነበር። እሱ አልመጣም፤ ካሴት መጣልኝ። አርባ ደቂቃ ሙሉ አወራኝ፤ ስለ ትምህርቴ፣ የጫማዬን ማሰሪያ እንዴት እንደማስር፣ ልጆች ሲስቁብኝ ምን እንደምላቸው። ከሦስት ወር በኋላ ሞተ፤ በድንገት ነው ተባልን። ያንን ካሴት እስኪሳሳ ሰማሁት፤ በኋላ ቤት ስንቀያይር ጠፋብኝ። እርስዎ ግን ቅጂ ሳያስቀሩ ካሴት ከሱቅ እንደማያወጡ አባቴ ራሱ እየሳቀ ይናገር ነበር። ቅጂው እርስዎ ጋ አለ።

ልጄ አያቷን አላወቀችውም። በሠርጓ ዕለት በገዛ ድምፁ ስሟን ጠርቶ እንዲመርቃት እፈልጋለሁ። ሌላ ምንም አልጠይቅዎትም።

ልጅዎ፣ ቁንጢት


ጥር 14 ቀን

ይድረስ ለቁንጢት፤

ሰላም ለቤትሽ ይሁን። ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ሠርጉን ያሳምረው፤ ለሙሽራውም ፈጣሪ እግር ይስጠው፣ እርምጃ እንዳይጎድልበት።

የማሽኑን ነገር ታይፒስቷ ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ፤ ሁለት ጊዜ ተናደድኩ። ሰው ሞቶ ካረፈ በኋላ አፉን ከፍቶ ያላለውን ማስባል ምን የሚሉት ጥበብ ነው? ያ ባልደረባሽ ካፖርቱን የለበሰው ማን አዝዞት ነው? እናቴ ናት እንዳይልሽ። እናቱ መብረዱን በምን አወቀች? እኔ በዘመኔ የተሰበረ ድምፅ ጠግኛለሁ፤ ያልነበረ ድምፅ ግን ፈጥሬ አላውቅም።

እዚህ ላይ ታይፒስቷ ብዕሯን አስቀምጣ አየችኝ። «ጻፊ» አልኳት። «ይሄንንም?» አለችኝ። «ይሄንንም» አልኳት። ጻፈችው።

በቀደም ሬዲዮው ሌላ ነገር ይላል። ሰማይ ላይ ትልቅ መነጽር ሰቅለው የሩቅ ኮከብ አይተዋል፤ ያዩት ብርሃን ከኮከቡ ከተነሣ የዓመቱ ቁጥር አፍ አይችለውም። ታይፒስቷ «ኮከቡ ይሄኔ ሞቶ ይሆናል እኮ» አለች። ሊሆን ይችላል። ግን እዪ፣ ዝም ብለው ነው የሚያዩት። «እስቲ እንደገና አብራልን፣ በዚህ በኩል አብራልን» አላሉትም።

ስለ ካሴቱ። ሱቄ ውስጥ ከአራት መቶ በላይ ካሴት አለ። ጽሑፍ አልለጥፍባቸውም፤ በቀለም መስመር ነው የምለያቸው። ሬዲዮ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ዕቃዎች ቁጥራቸው የሚነገረው በቀለም ነው፤ ቡኒ አንድ፣ ቀይ ሁለት፣ ብርቱካን ሦስት እያለ ይሄዳል። የተማረው መሐንዲስና እኔ እኩል የምናነበው እሱን ብቻ ነው። ካሴቶቼንም በዚያው ሕግ ቀብቻቸዋለሁ። ቀለሙን አባትሽ ከሰሌዳ የተረፈውን በጣሳ ያመጣልኝ ነበር። «ይሄ ቀይ የዳቦ ቤቱ ነው፣ ይሄ ሰማያዊ የጥርስ ሐኪሙ ነው» እያለ። አንዳንዴ አንዱን ካሴት አንሥቼ የማስታውሰው ዘፈኑን ሳይሆን የጥርስ ሐኪሙን በር ነው። ያ በር ዛሬ የለም፤ መስተዋት ሆኗል፤ ሰው ሲጠጋ ራሱ ይከፈታል፣ ማንም «ግባ» ሳይለው።

እና ቀለሙ ደብዝዟል። ቀዩና ብርቱካኑ አንድ ሆነዋል። ይባስ ብሎ የኔው ቴፕ ካሴቱን የሚያዞርበት ላስቲክ ቀልጦ ማስቲካ መስሏል፤ እዚህ ደግሞ የሚሸጥ የለም። ስለዚህ መፈለግም ማሰማትም አልችልም። መጠኑን ከወረቀቱ ጀርባ አስምሬልሻለሁ፤ ካገኘሽ ላኪልኝ። አታገኚም።

እስከዚያው ሌላ ነገር አስቢ። ምርቃት ከሆነ የምትፈልጊው፣ በሕይወት ያለ ሽማግሌ በየቤቱ ሞልቷል።

አጎትሽ፤ የአውራ ጣቴን አትርሺ፣ ከታች ነው።


የካቲት 5 ቀን

ለውድ አጎቴ፤

ጤናዎን፣ ሰላምዎን ፈጣሪ ይጠብቅልኝ።

ላስቲኩን ደብዳቤዎ በደረሰኝ ማግስት አገኘሁት። ኢንተርኔት ላይ የድሮ ቴፕ ላስቲክ ብቻ የሚሸጥ ሰው አለ፤ ሌላ ምንም አይሸጥም፤ ፎቶውን ሳየው ኩርፊያው እርስዎን ይመስላል። በሥዕልዎ ልክ አሥር ልኬያለሁ። ከዚያ ወዲህ ኢንተርኔቱ ላስቲክ ወዳጅ ናት ብሎ ወስኖብኛል፤ ምግብ ማብሰያ ስፈልግ ላስቲክ፣ የሠርግ ልብስ ስፈልግ ላስቲክ ያሳየኛል።

አጎቴ፣ ማሽኑን አልወደዱትም፤ ገብቶኛል። ግን የአባቴን ድምፅ የሚያስታውስ ከእርስዎና ከኔ በቀር ማን ቀረ? እናቴ የለችም። ብልቃጥ ሳጥብ፣ ውሃው ሲፈስ፣ ድምፁን ለማስታወስ እሞክራለሁ። የሚመጣልኝ ካሴቱ ላይ ያለው ብቻ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው፣ ቤት ውስጥ የሚጠራኝ የነበረው፣ ከጠፋብኝ ቆይቷል። ካሴቱ ከሌለ እሱም የለም።

ካሴቱ ጠፍቶ ከሆነ ጠፋ ይበሉኝ፤ እችለዋለሁ። እያለ የከለከሉኝ ከሆነ ግን ምን አጥፍቼ እንደሆነ ይንገሩኝ። ባልደረባዬ እስከ ግንቦት አጋማሽ ካልደረሰለት ለሠርጉ እንደማይሆን ነግሮኛል።

ቁንጢት


መጋቢት 24 ቀን

ለውድ ልጃችን፤

ሰላምና ጤና ላንቺ ይሁን። ይህን የምጽፍልሽ እኔው ታይፒስቷ ነኝ፤ እሱ አያውቅም።

ላስቲኮቹ ከደረሱ ሳምንታት አልፈዋል። በደረሱበት ቀን ገጠመው፤ ቴፑ እንደ ደህና ይሠራል። መልስ የዘገየብሽ በንቀት አይደለም። ጠዋት ሱቁን ይከፍትና ደንበኛ እንዳይገባ በሩ ላይ ወንበር ያቆማል፤ ከዚያ እስከ ምሳ፣ ከምሳ እስከ አመሻሽ ካሴት ይሰማል። አራት መቶውን አንድ በአንድ፣ በሁለቱም ገጽ። የሚፈልገው አንቺ የጠየቅሽውን አይደለም። እሱ የት እንዳለ ያውቃል፤ ምንጊዜም ያውቅ ነበር። የሚፈልገው ሌላ ነው።

የቀረውን ከሱ አፍ ነው መስማት ያለብሽ። እኔም በነገሩ ውስጥ አለሁበት፤ ያንንም ይነግርሻል። ጥቂት ታገሺው እንጂ አትቀየሚው።

ታይፒስቷ


ሚያዝያ 10 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፤

ሰላምታውን ታይፒስቷ ታሳምረው፤ ዛሬ አፌ ደርቋል። ፈጣሪ ይባርክሽ። ይህን ተቀምጠሽ አንብቢው፤ ብልቃጥ ይዘሽ አይሁን።

ካሴቱ አልጠፋም። ሁለት ቢጫና አንድ ነጭ መስመር አለው፤ ቀለሙም አልደበዘዘም። ያልላክሁልሽ በላዩ ያለው ድምፅ የአባትሽ ስላልሆነ ነው። የኔ ነው።

እንዲህ ነው የሆነው። እናንተ በሄዳችሁ በሁለተኛው ወር አባትሽ ጉሮሮውን ታመመ። መጀመሪያ ጎረነነ፣ ቀጥሎ ሹክሹክታ ሆነ፣ በመጨረሻ እሱም ጠፋ። በድንገት ሞተ ያልናችሁ ውሸት ነው፤ ግማሽ ዓመት ነው የታመመው። እንዳይነገራችሁ ያዘዘ ራሱ ነው። መናገር ሲያቅተው መጻፍ ጀመረ። እስቲ አስቢው፤ ሁለት ወንድማማች አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንዱ መናገር አይችል፣ ሌላው ማንበብ አይችል። ለመጣላት እንኳ አስተርጓሚ ያስፈልገን ነበር። በመሃላችን የቆመችው ይህችው ሴትዮ ናት፤ ያኔ አዲስ የተቀጠረች ታይፒስት ነበረች፣ ያኔ አንቱ ትለኝ ነበር። እሱ ወረቀት ላይ ሲሰድበኝ «ደደብ ነዎት ይላሉ» ብላ ታነብልኛለች፣ አንገቷን ደፍታ።

አንድ ቀን ሃያ ገጽ ጽፎ መጣ። ላንቺ ነው። «ልጄ ድምፄ መጥፋቱን እንዳታውቅ። የኔና ያንተ ድምፅ አንድ ነው፣ አንተ ተናገረው» አለ፤ በጽሑፍ ነው ያለው። እውነቱን ነው። ከበር ውጭ ስንጣራ እናትሽ እንኳ ማንኛችን እንደሆንን ሳታውቅ ነበር የምትከፍተው። እምቢ አልኩ። ጠረጴዛውን መታ። እሺ አልኩ።

ሱቁን ዘጋን። ታይፒስቷ አንድ ዓረፍተ ነገር ጆሮዬ ላይ ታነባለች፤ ቴፑን እከፍታለሁ፣ እናገራለሁ፣ እዘጋለሁ። ዛሬ እኔ ስናገር እሷ እንደምትጽፈው፣ ያኔ እሷ ስታነብ እኔ እናገር ነበር። አባትሽ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። እንደ ራሴ ስናገር ጠረጴዛውን ይመታል፤ እንደሱ ስናገር ዓይኑን ይከድናል። አርባ ደቂቃው ሁለት ቀን ፈጀ። የጫማው ማሰሪያ ላይ ስንደርስ ተነሥቶ ወጣና ደጅ ቆመ፤ ያንን ብቻ እሱ ሳይኖር ነው የተናገርኩት። ሲያልቅ ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ከተተው፣ እኔን አስማለኝ፣ ታይፒስቷንም አስማላት። አርባ ዓመት ሊሞላው ነው። መሐላዬን ዛሬ አፈረስኩ፤ ስንገናኝ ለሱ የምመልሰውን እኔ አውቃለሁ።

ጥር ላይ ያልነበረ ድምፅ ፈጥሬ አላውቅም ብዬ አስጽፌልሻለሁ። ታይፒስቷ ብዕሯን ያስቀመጠችው ለዚያ ነው። የተጻፈለትን በሌላ ሰው ድምፅ የሚናገር ያልሽውን ነገር፣ ማሽኑ ሳይወለድ እኔ ሆኜዋለሁ። የተቆጣሁት ስለማላውቀው አይደለም፤ ስለማውቀው ነው። አንቺ ስታለቅሺበት የኖርሽው የኔን ጉሮሮ ነው፤ እኔም ይህን እያወቅሁ ዝም አልኩ። ቃሉ ግን አንዲት ሳትቀር የአባትሽ ናት። ምንም አልጨመርኩም።

በዚህ ጥቅል ውስጥ ሁለት ካሴት ታገኛለሽ። ባለ ቢጫው አርባ ደቂቃው ነው። ባለ አንድ አረንጓዴ መስመሩ እውነተኛው አባትሽ ነው። ጠግኜ የጨረስኩትን ቴፕ ሁሉ የምፈትነው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብዬ ራሴን በመቅዳት ነበር። አባትሽ ደግሞ በየቀኑ ሱቄ ይገባል። በአንዱ ላይ ሳያስበው ተቀድቶ መሆን አለበት ብዬ ሁለት ወር ሰማሁ። የራሴን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ከወጣትነቴ ጀምሮ ሰማሁት፤ ድምፄ እየወፈረ፣ እየሻከረ ሲመጣ። ካሴቶቹ ተራቸውን ስላልጠበቁ ሦስት መቶ አሥራ ሰባተኛው ላይ አገኘሁት። እኔ «አንድ፣ ሁለት» ስል በር ይከፈታል። «ይሄ ነገር በርቷል እንዴ?» የሚለው እሱ ነው። «ዝጋው» የምለው እኔ ነኝ። «እጄ ቀለም ነው፣ አንተው ዝጋው» ይላል፣ ይስቃል፣ አለቀ። አሥራ አንድ ሰከንድ ነው፤ ታይፒስቷ በሰዓቷ ለክታዋለች።

አርባ ደቂቃውን ለማሽኑ ብትሰጡት የሚሠራላችሁ እኔን ነው። የምትፈልጉት እኔን ከሆነ በሕይወት አለሁ፤ ጠይቁኝ። አሥራ አንዱን ሰከንድ ምን እንደምታደርጊበት ግን አላዝሽም። አባትሽ ነው።

አጎትሽ


ግንቦት 6 ቀን

ለአጎቴ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። መልስ ልጽፍ አሥር ጊዜ ተቀምጬ አሥር ጊዜ ተነሣሁ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ተቆጥቼ ነበር፤ አልዋሽዎትም። ዕድሜዬን ሙሉ የማንን ድምፅ ስናፍቅ ኖርኩ ብዬ። እናቴ እውነቱን ሳታውቅ መሞቷም አለ። እሱን ገና አልጨረስኩትም፤ ከእርስዎ ጋር ሳይሆን ከአባቴ ጋር ነው የምጨርሰው።

ካሴት ማጫወቻ ከዚያው ላስቲክ ሻጭ ገዛሁ። መጀመሪያ የሰማሁት አጭሩን ነው። ልጄ አጠገቤ ነበረች። «ይሄ ነገር በርቷል እንዴ?» ሲል ወዲያው አወቅሁት፣ አጎቴ። ከእርስዎ ድምፅ ትንሽ ይቀጥናል፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ ከፍ ይላል። ቤት ውስጥ ሲጠራኝ ልክ እንደዚያ ነበር ከፍ የሚያደርገው። የጠፋብኝ እሱ ነው። መጣልኝ። ልጄ «ይሄ ነው አያቴ?» አለች። «ነው» አልኳት። «የሚያስቅ ሰው ነው» አለች። አዎ፣ ያስቅ ነበር። ረስቼው ነበር፤ በአርባው ደቂቃ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አይስቅም።

ባልደረባዬ አሥራ አንድ ሰከንድ ለማሽኑ እንደሚበቃው ነገረኝ፤ ዛሬ ዛሬ ትንሽ ነው የሚፈልገው። ወረቀት ሰጠኝ፣ «አባትሽ እንዲል የምትፈልጊውን ጻፊ» አለኝ። ቁጭ አልኩ። ምንም አልመጣልኝም። እሱ ሊለኝ የፈለገውን በእጁ ጽፎ ጨርሷል፤ የሚናገርለትንም ሰው ራሱ መርጧል። ወረቀቱን ባዶውን መልሼ ካሴቱን ይዤ ወጣሁ።

ከዚያ አርባውን ደቂቃ ሰማሁ፤ እርስዎ መሆንዎን እያወቅሁ። ስለ ጫማ ማሰሪያው የሚለው ቦታ ላይ ድምፁ ትንሽ ይለወጣል። ልጅ ሆኜ አባቴ ጉንፋን ይዞት ይመስለኝ ነበር።

ጠይቁኝ ብለዋል። ይኸው ልጄና እኔ እንጠይቅዎታለን። በሰኔ 8 እርስዎ ይመርቁልን፤ በአባቴ ቃል አይደለም፣ ማንም በማያነብልዎት በራስዎ ቃል። ስልኩ ይቅር፤ ካሴት ይላኩልን። ስሟን ይጥሩላት።

ልጅዎ፣ ቁንጢት


ግንቦት 23 ቀን

ይድረስ ለልጄ፤

ቤታችሁ በሳቅ ይሙላ፤ የተጋቡት ልጆች አንዱ ለሌላው ጆሮ ይስጥ። ደብዳቤሽን ታይፒስቷ ስታነብልኝ እሷ ሁለት ጊዜ አቋረጠች፤ እኔ ያቋረጥኩትን አልናገርም።

ምርቃቱን ቀድቼዋለሁ። ታይፒስቷን ከሱቅ አስወጥቼ በሩን ዘጋሁ፤ እሷም ላለመስማት ምላ በመስኮቱ ስታይ ዋለች። ቴፑን ስከፍት የሚባለው ጠፋኝ። ለካ በዚህ ማሽን ፊት ከቁጥር በቀር የራሴን ቃል ተናግሬ አላውቅም። እንደምንም ጨረስኩና መልሼ ሰማሁት። አባትሽ ነው። ሳላውቀው መጨረሻውን ከፍ አድርጌዋለሁ፤ ስሟን ስጠራ እሱ ነው የሚጠራት። ለአፍታ ይኸው ይሂድ፣ ደስ ይላቸዋል አልኩ። አጠፋሁት። ሁለተኛውንም ቀዳሁ፤ አሁንም እሱ ነው። አጠፋሁት።

መስኮቱን ከፍቼ ታይፒስቷን «እኔ እንዴት ነበር የማወራው?» አልኳት። «እየተሳደብክ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሦስተኛውን እንደዚያ ጀመርኩት፤ ማንን እንደሰደብኩ ስትሰሚው ታውቂያለሽ። ከዚያ በኋላ ቃሉ ራሱ መጣ። አራት ደቂቃ ነው። ድምፁ ሻካራ ነው፣ ልጅሽን ስጠራም ድምፄ ወደ ታች ይወርዳል። መሃል ላይ ሳል አለ፤ ባልደረባሽ አሳምርላችኋለሁ ካለ እንዳይነካው። ሳሉም የኔ ነው።

አጎትሽ